መንገድ የማን ነው?

ከመርካቶ ወደ ኮልፌ አቅጣጫ ሲወጡ የሚገኘው ሠፈር መሳለሚያ ይባላል። የቃሉ ትርጓሜ የተሰወረ አይደለም። ወደ ቤተ መቅደስ ገብቶ ለማስቀደስ ጊዜ ወይም ሁኔታ ያልፈቀደለት መንገደኛ ከሩቅ ቆሞ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚያልፍበት ቦታ መሳለሚያ ነው። ዛሬ ግን የአዲስ አበባው መሳለሚያ ስሙ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የእህል ጭነት፣ የከባድ መኪና ጥሩምባና የወዛደር ጥድፊያ ነው። ስለ መንገድ ለመጻፍ ስንነሣ ከዚህ ሠፈር መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በእህል በረንዳ ዙሪያ የሚነግድ ሰው መንገድ ምን እንደ ሆነ ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቃል፤ ጎርፍ ድልድይ በወሰደ ሳምንት የጤፍ ዋጋ ሲንር በእጁ ይዳስሰዋልና።

ጥያቄያችን እንዲህ የሚል ነው፤ መንገድ የማን ነው? ሕጉ ይህን ለመመለስ አይቸገርም። አውራ ጎዳና የመንግሥት ነው፤ በ1943 ዓ. ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የአገሪቱን ዋና ዋና መንገዶች መሥራትና መጠበቅ የማን ተግባር እንደ ሆነ ተወስኗል፤ በ1989 ዓ. ም. ደግሞ ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ ለጥገና የሚውል የመንገድ ፈንድ ተቋቁሟል። እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ፣ ደመወዝ የማይከፈለው፣ ትርፍ የማይሻ፣ ማንም ያላዘዘው ማኅበር የመንገድን ጉዳይ ጉዳዬ ብሎ ሲነሣ ምን ማለቱ ነው? መንግሥትን ረዳ እንበል ወይስ ከግዴታው ፈታው? ዜጋስ ግብሩን ከከፈለ በኋላ ለዚያው ነገር ዳግመኛ መዋጮ ቢያወጣ ደግነት ነው ወይስ ሞኝነት? ነገሩ በቃል ጨዋታ የሚፈታ ስላልሆነ በአገራችን ከተደረገው መነሣት ይሻላል።

በፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን የከተማው ዋና ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲዛወር መርካቶ ተመሠረተ። ከነጻነት በኋላ ይህን ገበያ ካሳደጉት መካከል ከጉራጌ አገር በእግራቸው ተጉዘው የመጡ፣ በሊስትሮነትና በሱቅ በደረቴ ጀምረው ባለ መደብር የሆኑ ሰዎች ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ እስላሙ ለአረፋ፣ ወደ አገራቸው ይገባሉ። የሚገቡበት መንገድ ግን አልነበረም፤ በክረምት ጭቃው ወገብ የሚውጥ፣ ወንዙ የማይሻገሩት ነበር። ስለዚህ በ1950ዎቹ ዓ. ም. የሰባት ቤት ጉራጌ ተወላጆች ለመንገድ ሥራ የሚሆን ድርጅት አቋቋሙ፤ በዚያው ዘመን ደግሞ ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና አልፎ ወላይታ ሶዶ ለሚደርሰው መንገድ ራሱን የቻለ ማኅበር ተመሠረተ። ስለዚህኛው ማኅበር ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 እ. ኤ. አ. ለሎንዶን ዩኒቨርሲቲ የጥናት ጽሑፍ አቅርበዋል። ገንዘቡ የተሰበሰበው ከአባላቱ ነው። ሚስማር ሻጩም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ተሸካሚውም እንደ አቅሙ አዋጥቷል።

ያ መንገድ ዛሬ አስፋልት ለብሷል። ከዓለም ገና ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው አዋሽን በመልካ ቁንጡሬ ይሻገራል፤ ይህም ሥፍራ እጅግ ጥንታዊ የሰው ልጅ መሣሪያ የተገኘበት ስለ ሆነ በ2016 ዓ. ም. መጨረሻ ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ጥቂት አለፍ ሲል ጢያ ላይ በሰይፍ ምስል የተቀረጹት ትክል ድንጋዮች ቆመው ይጠብቁታል። ከዚያ ወዲያ የጉራጌ ተራሮች በቀኝ በኩል ይነሣሉ፤ የእንሰቱ ቅጠል መንገዱን ያጅበዋል። የመርካቶ ነጋዴ አንዱን ብር ባወጣ ጊዜ ይህን ሁሉ ውበት አስቦ ነው ብለን አንዋሽም። ያሰበው እናቱን ነው። የታመመ ዘመድ በቃሬዛ ሳይሆን በመኪና ሐኪም ቤት እንዲደርስ፣ ጎመንና ቆጮ ገበያ እንዲወጣ ነው ያሰበው። ይሁን እንጂ ውበት ብዙ ጊዜ በሌላ ፍቅር ጀርባ ታዝሎ የሚመጣ ነገር ነው፤ ለመልክአ ምድር ሲሉ ብቻ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ለተወለዱበት ቀዬ ሲሉ የሚያወጡ ግን ብዙዎች ናቸው።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንምጣ። አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ነጋዴው ግብር ከፍሏል፤ ቀረጥ ከፍሏል። መንገድ በግብሩ ሊሠራለት ይገባ ነበር። መዋጮው ሁለተኛ ግብር ነው፤ አገሩን የወደደ ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ ያልወደደ አንድ ጊዜ ከፍሎ በዚያው መንገድ ይሄዳል። ታዲያ ፍቅር ቅጣት ሆነ ማለት ነው።» ይህ ቃል ቀልድ አይደለም። ብዙ በጎ ሥራ የተኮላሸው ይህን ሙግት ማንም ሳይመልሰው ስለ ቀረ ነው።

ሙግቱን ለመመለስ የሚቸኩሉ ሰዎች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ያነሣሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ጥያቄውን አይነካውም። አምሳ አንደኛው ሰው ምን ይሁን? አንድ ሎሚ እንኳ ሳይዝ በአምሳው መዓዛ እየተደሰተ ከጎናቸው የሚሄደው ሰው የትኛው ተረት ይገሥጸዋል? አርስቶትል ለብዙዎች የጋራ የሆነ ነገር እንክብካቤው አነስተኛ ነው ብሎ የጻፈው ይህንኑ አይቶ ነው። በ1968 እ. ኤ. አ. ጋሬት ሃርዲን የተባለው የአሜሪካ ሊቅም በወል ግጦሽ ላይ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ለመጨመር ምክንያት እንዳለው፣ መጨረሻውም የሁሉም ጥፋት እንደ ሆነ አስረዳ። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለችው ሊቅ ግን ከስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ እስከ ስፔን የመስኖ ቦዮች ያለውን የወል ሀብት መርምራ፣ ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው፣ ራሳቸው ተቆጣጥረው ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆዩት ነገር መኖሩን ገለጠች፤ በ2009 እ. ኤ. አ. በኢኮኖሚ ትምህርት የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዷ ሆነች። እኛ ይህን ለማወቅ ስዊዘርላንድ ድረስ መሄድ ባላስፈለገንም ነበር።

በጉራጌ አገር ጀፎረ የሚባል ነገር አለ። ጀፎረ መንገድ ነው ቢሉት ስሕተት አይሆንም፤ ነገር ግን አይበቃም። በመንደሩ መካከል የተዘረጋ፣ ሣር የለበሰ፣ ሰፊ የወል ሜዳ ነው። ጎጆዎቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደርሱ መልሰው ይሠራሉ፤ ከየቤቱ ጀርባ የእንሰቱ ተክል ይጀምራል። ጥጃ ይግጥበታል፤ ልጅ ይቦርቅበታል፤ ሙሽራ ይታጀብበታል፤ አስከሬን ይሸኝበታል፤ ሽማግሌ ለዳኝነት ይቀመጥበታል፤ በመስቀል ደመራው ይቆምበታል። ከውጭ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያ ሲያየው አንድ የመናፈሻ ባለሙያ በገመድ ለክቶ፣ በመቀስ ከርክሞ ያሰናዳው ይመስለዋል። ሣሩን ያሳጠረው ግን ጥጃ ነው፤ ቀጥ አድርጎ ያቆየውም የጎረቤት ዓይን ነው።

ይህን ሜዳ ማንም አያርሰውም፤ ማንም አያጥረውም። አጥሩን ጥቂት ክንድ ወደ ፊት ያስጠጋ ሰው በሽማግሌ ፊት ይጠየቃል። ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ የሚባል፣ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የተላለፈ የባህል ሕግ አለው፤ በዚህ ሕግ የሚዳኝ ሰው እውነቱን ሸሽጎ ሊያመልጥ ቢሻ እንኳ ከጎረቤቱ ዓይን አያመልጥም። ልብ እንበል፤ የጀፎረ ጠባቂ ሊቀ መንበር የለውም፤ ማኅተም የለውም፤ ዓመታዊ በጀትም አይመደብለትም። ሥራውስ ምንድን ነው? ሥራው አለመሥራት ነው። አለማረስ፣ አለማጠር፣ አለመትከል፣ አለመሸጥ። መሬት በጠበበበት አገር፣ ልጅ አድጎ ጎጆ መውጫ ባጣበት ቀዬ፣ ያን የመሰለ ለም ሜዳ ከደጁ ተዘርግቶ እያየ እጁን የሚሰበስብ ገበሬ የሚከፍለው ዋጋ ከነጋዴው መዋጮ ያንሳል የሚል ካለ የርሻን ነገር አያውቅም።

እዚህ ላይ የጥያቄያችን አንድ ክፍል የተገለጠልን ይመስለናል። ለመንገድ የሚደረግ በጎ ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መሥራት ነው፤ ሁለተኛው መተው ነው። መሥራት ይታያል፤ ይለካል፤ ይመረቃል። መተው ግን አይታይም። ያልተቆረጠ ዛፍ፣ ያልተሠራ ቤት፣ ያልታጠረ ሜዳ ሪባን አይቆረጥለትም፤ የሠራው ሰው ስምም በእብነ በረድ አይጻፍም። ስለዚህም ሰው ሁሉ ወደ መጀመሪያው ያደላል።

የአሜሪካ ሰዎች በዚህ ነገር ላይ ያገኙትን ልምድ ብንጠቅስ አንባቢያችንን ይጠቅማል። በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ጫፍ ላይ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ የሚባል፣ 755 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መንገድ አለ። በ1935 እ. ኤ. አ. ተጀምሮ የመጨረሻው ክፍል በ1987 እ. ኤ. አ. ተፈጸመ። የተሠራው ለጭነት አይደለም፤ ተሳፋሪ ቀስ እያለ ተራራውንና ሸለቆውን እያየ እንዲያልፍ ነው። ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ነገር ግን የመንገዱ ወዳጆች ማኅበርና ለርሱ ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅት አብረውት ይቆማሉ። በጎ ፈቃደኞች የእግር መንገዱን ይጠርጋሉ፤ በሰሜን ካሮላይና የመኪና ባለቤት ልዩ የሰሌዳ ቁጥር ገዝቶ ከዋጋው አንዱ ክፍል ለመንገዱ እንዲውል ያደርጋል። በመስከረም 2024 እ. ኤ. አ. ሄሊን የተባለው ማዕበል ተራራውን እየናደ መንገዱን በብዙ ቦታ በቈረጠው ጊዜም እነዚህ ወዳጆች ከመንግሥቱ ጎን አልተለዩም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። ከዚያ መንገድ ላይ ሆኖ የሚታየው ተራራ አብዛኛው የመንገዱ አይደለም፤ የግል ባለ ርስት መሬት ነው። ባለ ርስቱ ነገ ቤት ቢደረድርበት መንገዱ ሳይነካ መንገዱ ይጠፋል። ስለዚህ መሬት ጠባቂ ማኅበራት ወደ ባለ ርስቱ ሄደው፣ ርስቱ በእጁ ሆኖ እንዳይሠራበት የሚያደርግ ውል ይዋዋላሉ፤ አንዳንዴም መሬቱን ይገዛሉ። ይህ ማለት አለመሥራትን በገንዘብ መግዛት ነው። የጉራጌ ሽማግሌ ያለ ገንዘብ የሚያስፈጽመውን የአሜሪካው ማኅበር በውልና በገንዘብ ያስፈጽመዋል። የትኛው ይበልጣል ብለን አንፈርድም፤ የጎረቤት ዓይን በደከመበት አገር ውል ይሻላል።

በዋና ከተማችንም የመተው ሥራ ፈጽሞ አልጠፋም። እንጦጦ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጫካው ተጨፍጭፎ ከተራቆተ በኋላ ባሕር ዛፍ አለበሰው፤ የባሕር ዛፉን ውለታ የሚክድ የለም፤ የአዲስ አበባን እንጀራ ለብዙ ዓመታት የጋገረው እርሱ ነው። ቢሆንም ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሌላ ተክል እንዲያድግ ብዙም አይፈቅድም። በ1990ዎቹ እ. ኤ. አ. የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር የተባለው ትርፍ የማይሻ ማኅበር በእንጦጦ ተራራ ላይ ሰፊ ቦታ ተረክቦ ጽድን፣ ወይራንና ኮሶን የመሰሉ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ ለማብቀል ተነሣ። በኋላ በ2013 ዓ. ም. መግቢያ የእንጦጦ ፓርክ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ሲመረቅ ከሕዝቡ ስንቱ ያን የቆየ ድካም እንዳስታወሰ አናውቅም። ወይራ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ምረቃ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው።

የስም ነገር ከተነሣ በ2011 ዓ. ም. ለአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ መናፈሻ ገንዘብ ለማሰባሰብ የተደረገውን «ገበታ ለሸገር» የተባለውን የእራት ግብዣ ማስታወስ ተገቢ ነው። የአንድ ሰው የገበታ ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ለአንዳንዶች ይህ ለታይታ የተደረገ መስሎ ታየ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ባለጸጋ ስሙ ሲጠራ ደስ ብሎት የሰጠው ገንዘብ ዛፍ ከተከለ ዛፉ የማንንም ሐሳብ አይመረምርም፤ ጥላውን ይሰጣል። በእድራችንም ቢሆን መዋጮ የሚያወጣው ሁሉ ከልቡ ፈቅዶ አይደለም፤ «እከሌ አላዋጣም» መባልን ፈርቶ የሚያወጣው ብዙ ነው። ኀፍረትና ክብር የበጎ ሥራ ዘበኞች ናቸው፤ ንጹሕ ፈቃድ ብቻ ይሁን ያለ ሰው ባዶ ሣጥን ይታቀፋል። ቅር የሚለን ሌላ ነው፤ ባለ 5 ሚሊዮኑ ስሙ ሲጻፍ፣ ለወንዙ ዳርቻ ወይም ለጎዳናው ማስፊያ ሲባል ከኖረበት ሠፈር የተነሣው ቤተ ሰብ ስም አለመጻፉ ነው። በ2016 ዓ. ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ለእግረኛ ሰፊ መሄጃ፣ ለጎዳናው ዛፍና መብራት ሰጥቷል። ከጎዳናው ዳር የተነሡትም ሰዎች ለጎዳናው አስተዋጽኦ አድርገዋል፤ መዋጯቸው የልጅነት ሠፈራቸው ነው። ከመዋጮ ሁሉ ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ «ሁለተኛ ግብር» ሙግት እንመለስ። በእኛ አስተያየት ግብርና መዋጮ አንድ ነገር አይገዙም። ግብር የሚገዛው መብትን ነው፤ ማንም ዜጋ፣ ቢወድም ባይወድም፣ ከቤቱ ወደ ገበያና ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መተላለፊያ ይገባዋል። ይህን መብት በማኅበር መዋጮ ላይ መጣል በደል ነው፤ በደልነቱም በ1950ዎቹ ታሪክ ውስጥ ይታያል። በመርካቶ ባለ መደብር ልጆች ያሉት አገር መንገድ አገኘ፤ ልጆቹ መርካቶ ያልደረሱለት፣ ወይም ደርሰው በጉልበት ሥራ ብቻ የቀሩበት አገር ግን ምን ያድርግ? ማኅበር ያለውን ይረዳል፤ የሌለው ማኅበርም የለውም። እንግዲህ መንግሥት ወዳጅ ያለውን መንገድ እያየ «እነርሱ ይሠሩታል» ብሎ እጁን ቢሰበስብ ስንፍና ይሆናል፤ ከዚያ በቆጠበው ገንዘብ ወዳጅ ወደሌለው መንገድ ፈጥኖ ቢሄድ ግን ፍትሕ ይሆናል። ልዩነቱ በገንዘቡ መጠን ሳይሆን በአካሄዱ ላይ ነው።

መዋጮ የሚገዛው ደግሞ ከመብት በላይ ያለውን ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ጉዳይ እናንሣ። ዛሬ በጉራጌ አገር መኪና የሚያስኬድ መንገድ ወደ መንደር ሲገባ መሐንዲሱ በካርታው ላይ የሚያገኘው ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ቤት የሌለበት፣ ካሣ የማይጠይቅ መሬት ጀፎረውን ነው። በሒሳብ ሲታይ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። የኤሌክትሪክ ምሰሶም እንዲሁ በዚያው መካከል ቢተከል ይረክሳል። መንደረተኛው ራሱ፣ በተለይ የታመመ ያለበት፣ መንገዱ በደጁ ቢያልፍ አይጠላም። ይህን ምኞቱን ኋላ ቀርነት ወይም ባህልን መናቅ ብሎ የሚሰድበው የከተማ ሰው፣ አምቡላንስ በደጁ የሚቆምለት ነውና፣ አፉን ቢሰበስብ መልካም ነው። ግን ጀፎረው በጠጠርና በሬንጅ ከተሸፈነ በኋላ ተመልሶ ሣር አይሆንም፤ ልጁም በመኪና መካከል አይጫወትም፤ ሽማግሌውም በአቧራ ውስጥ ለዳኝነት አይቀመጥም።

ስለዚህ መንገዱ በእንሰቱ ጀርባ ዞሮ እንዲያልፍ ያስፈልጋል። ዙሪያው ይረዝማል፤ ድልድይ ይጨምራል፤ ለተቆረጠው እንሰት ካሣ ይጠይቃል። የመንገዱን መሠረታዊ ዋጋ መንግሥት ይክፈል፤ ግዴታው ነውና ማንም አያመስግነው። በቀጥተኛውና በዙሪያው መንገድ መካከል ያለውን ልዩነት ግን በመሳለሚያና በመርካቶ፣ እንዲሁም ባሕር ማዶ ያሉት የመንደሩ ልጆች ማኅበር ይክፈል፤ ይህ የእነርሱ ድርሻ ነው። የሚከፍሉት ሣር ሣር ሆኖ እንዲቀር ነው፤ ለዚህም የሚመረቅ ነገር ስለማይኖር ገንዘብ ያዢው ለአባላቱ ደረሰኝ እንጂ ሥዕል አያሳያቸውም። በመንደሩ ልጆቹ ያልከበሩለት ሽማግሌ ቢኖርና ልዩነቱን የሚከፍልለት ቢያጣ፣ ከማኅበሩ ሣጥን ለእርሱም ቀዬ ይውጣ፤ ጀፎረው ሲጀመር በባለጸጋና በድኻ ደጅ እኩል የሚያልፍ ነውና። ማኅበር ፈጽሞ የሌለበት መንደር ከሆነ ደግሞ መሐንዲሱ በካርታው ላይ መስመር ከማስመሩ በፊት ሽማግሌዎቹን ጠርቶ «ይህ ባዶ መሬት የማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሚሰጡትንም መልስ በሒሳቡ መዝገብ ላይ ከድልድዩና ከጠጠሩ ዋጋ ቀጥሎ ይጻፈው።